ለማሰር ሲሆን «በቅንጅት»፣ ለመጠበቅ ሲሆን «አይመለከተንም»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። የጸጥታ ስብሰባ ላይ የተገኘ ባለሥልጣን ንግግሩን በዚህ ተረት ካልከፈተ በዚህ ተረት ይዘጋል። ማታ ዜና ላይም «የፌዴራልና የክልሉ የጸጥታ አካላት በቅንጅት…» የምትለዋ ሐረግ አትቀርም። (ቅንጅት ስንል የ97ቱን ፓርቲ ማለታችን እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልን!) ተረቱን አንጠላውም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአዊ ምድር ድሩ ባበረ ጊዜ ያሰረው ማንን ነው? አንበሳው ሲመጣስ ድሩ የት ነበር?

ጥያቄውን ያስነሱብን አንዲት እናት ናቸው።

በመስከረም 2017 መጨረሻ ከመካከላችን የአንዳችን ጎረቤት የሆኑ እናት ልጃቸው ከቤት ተወሰደባቸው። አብረናቸው ዞርን። የመጀመሪያው ቢሮ «እኛ አልያዝነውም፤ የያዘው ከላይ የመጣው ኃይል ነው» አለን። ሁለተኛው ቢሮ «እኛ ተረክበን ነው የምናስቀምጠው፤ ስሙን የሰጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው» አለን። ሦስተኛው በር ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ፣ ዕድሜው ከኛ አይበልጥም፣ አንገቱን ደፍቶ «እናቴ፣ እኔ የቆምኩት ለጥበቃ ነው» አላቸው። እማማ የቋጠሩትን ምሳ በፌስታል እንደያዙ ወደ እኛ ዞሩና «ታዲያ ልጄን ማነው ያሰረው? ሁሉም ነው ወይስ ማንም?» አሉን።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ጥያቄ መጠየቅ የሙያው ግማሽ ነው» ተብለናል። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ክፍል ውስጥ አልሰማንም። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው መልስ ፍለጋ ነው።

አንበሳው ሲመጣ

አካባቢውን ለማያውቅ በአጭሩ እንንገር። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርን መቀመጫ እንጅባራን፣ የድሮዋን ኮሶበርን፣ አቋርጦ በዳንግላ በኩል ያልፋል። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ቻግኒን አልፎ መተከል ይገባል፤ ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደውም ይኸው ነው። የጃዊ ወረዳም ከመተከሉ ዳንጉር ጋር ጎረቤት ነው። አዊ በአማራ ክልል፣ መተከል በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ናቸው። አገው፣ አማራ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ኦሮሞ በዚህ አካባቢ ሲገበያይና ሲዋለድ የኖረ ሕዝብ ነው። ገበያው አንድ ነው፤ ፖሊሱ ግን ሁለት። ሁለቱም ፖሊሶች ወሰኑ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ገዳይ ግን አይቆምም። የፌዴራል ፖሊስ የሚባል ነገር ያስፈለገው እንግዲህ እንዲህ ላለው ቦታ ነው።

በሚያዝያ 2011 በዳንጉር በተነሳ ግጭት ሰዎች ተገደሉ። ወሬው ወሰኑን ተሻገረ። በቀናት ውስጥ ጃዊ ላይ የጉሙዝ ተወላጆች በበቀል ተገደሉ። ወሬው መንገድ ላይ እያለ አንዱ ክልል ለሌላው ስልክ ደውሎ፣ የፌዴራሉም ኃይል ቀድሞ መሐል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ብለን ዛሬም እንቆጫለን። ደግሞ አንሸፋፍነው፤ ጃዊ የኛው ዞን ነው። በዳንጉር ለሞቱት ያለቀስን ሁሉ በጃዊ ለሞቱት ካላለቀስን፣ ለቅሷችን ለወገን እንጂ ለሰው አይደለም። «ፌዴራሉ ይውጣልን እንጂ የአካባቢው ኃይል ለአካባቢው ይበቃል» ለሚሉን ወዳጆቻችንም የጃዊን ስም እናስታውሳቸዋለን። የአካባቢው ኃይል ከመሣሪያው ጋር የአካባቢውን ቂም ሊታጠቅ ይችላል።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መተከል ተገኝተው ነዋሪውን አነጋገሩ። በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 14 ንጋት ላይ፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ቤት እያቃጠሉ ሰው ፈጁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ወዲያው ይፋ አደረገ። ነዋሪዎቹ ጥቃት እየመጣ መሆኑን አስቀድመው ለባለሥልጣናት ማመልከታቸውን፣ ጥቃቱ ሲፈጸም ግን በስፍራው ፖሊስም ሆነ ሌላ የጸጥታ ኃይል አለመኖሩን የነገሩንም ከጥቃቱ የተረፉት ናቸው። ልብ በሉ! መረጃ አልጠፋም። የጠፋው መረጃውን ሰምቶ «ይህ የኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚነሳ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስፈላጊው ኃይል መሰማራቱን ያስታወቁት ሬሳ ከተለቀመ በኋላ ነው።

ከዚያስ? በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወሰኑን አቋርጦ ቻግኒ ገባ፤ ራንች በሚባለው ስፍራ በድንኳን ሰፈረ። የአዊ ገበሬ ጓዳውን ከፍቶ ተቀበለ። መግለጫ ሳያወጣ፣ ባነር ሳይሰቅል የተቀናጀው እሱ ነበር።

ድሩ ሲያብር

አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ። መጋቢት 28 ቀን 2015 የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንደሚያስገባ አስታወቀ። አማራ ክልል በተቃውሞ ተናጠ። ሐምሌ 27 ቀን 2015 የክልሉ ርእሰ መስተዳድር የነበሩት ዶክተር ይልቃል ከፋለ፣ ሁኔታው ከመደበኛው የሕግ ማስከበር አቅም በላይ ሆኗል ብለው የፌዴራል መንግሥትን ጣልቃ ገብነት ጠየቁ። በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥር 2016 ለአራት ወራት ተራዘመ። በግንቦት 2016 መጨረሻ ገደማ ጊዜው አበቃ፤ አልታደሰም።

አዋጁ ካበቃ ከወራት በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 2017፣ በክልሉ የጅምላ እስር ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደዘገበው እስሩን ያካሄዱት መከላከያና የክልሉ ፖሊስ ናቸው። የተያዘው ሰው በሺዎች ይቆጠራል፤ ከመካከላቸው ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይገኙበታል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዘው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት አልቀረቡም። የታጎሩትም በአራት ቦታዎች ነው፤ ሰራባ፣ ኮምቦልቻ፣ ሸዋ ሮቢት፣ እና… ዳንግላ። የኛዋ ዳንግላ!

እንግዲህ ቅንጅት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። ለበኩጂ ሕዝብ መንገዱ ሩቅ፣ ሥልጣኑ የተወሳሰበ፣ ወሰኑ አሻሚ ነበር። ለእስሩ ግን በአንድ ሰሞን ከጎንደር እስከ ሸዋ፣ ከወሎ እስከ አዊ ሁሉም ተናቦ ተንቀሳቀሰ። መኪና አልጠፋ፣ ነዳጅ አልጠፋ፣ ስም ዝርዝር አልጠፋ። ድሩ አብሮ ዳኛውንና መምህሩን አሰረ። ድንቄም አንበሳ!

በዚህ ቅንጅት ውስጥ የአካባቢው ፖሊስ ድርሻ ምን ነበር? እኛ ባየነው ልክ እንናገር። ቤት ማሳየት፣ ስም መጠቆም፣ በር ላይ መቆም። አያቶቻችን «አውጫጭኝ» የሚሉት ነገር ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የመንደሩ ሰው ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ አይበተንም። አውጫጭኝ ግፍ ነበረበት፤ ንጹሑም ከሥራው ተፈትቶ ይውላል። ቢሆንም ሰው በሜዳ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት እያየው ነበር። የዛሬው ጠቋሚ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የጠቆመው በምን እንደሆነም አይጠየቅም። የአካባቢው ፖሊስ ደግሞ ነገ ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ዕድር፣ በአንድ ገበያ የሚኖር ነው። እንግዳው ኃይል ወደ መጣበት ይመለሳል። የሚቀረው ቂም ግን በሚቀረው ፖሊስ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። እኛ ለዚያ በር ላይ አንገቱን ለደፋው ልጅም እናዝናለን።

ሕጉ የለም እንዳትሉን

«የፌዴራልና የክልል ሥልጣን ገና አልጠራም» የምትል ማምለጫ አለች። አታዋጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስን ማቋቋም ለፌዴራሉ ሰጠ። አንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ማደራጀትንና የክልሉን ጸጥታ ማስጠበቅን ለክልል ሰጠ። ከአቅም በላይ ከሆነስ? አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 መልስ አለው፤ ክልሉ ሲጠይቅ የፌዴራሉ መከላከያ ይሰማራል። ይህን በዝርዝር የሚገዛ አዋጅም አለ፤ የፌዴራል መንግሥት በክልሎች ጣልቃ የሚገባበትን ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 359/1995።

ተይዞስ የት ይቀርባል? «ጉዳዩ የፌዴራል ነው፣ እዚህ ፍርድ ቤት የለውም» ሲሉ ሰምተናል። ስሕተት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። በሌላ አነጋገር የፌዴራሉ ዳኝነት እዚሁ አጠገባችን፣ ከፋይልና ከማኅተም ጋር ተቀምጧል። ዳኝነቱ ከተቀናጀ ስንት ዓመቱ! ያልተቀናጀው እስረኛውን ወደዚያ የሚያመጣው እግር ነው።

አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተያዘበት ምክንያት እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከ48 ሰዓቱ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ አግባብ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ዳንግላ ላይ ለተያዘ ሰው ይህ ጉዞ በእግር ቢሆን እንኳ ሳምንታት አይፈጅም! የገጠሩ አዊኛ ተናጋሪ ሽማግሌስ በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱ ተነግሮታል? የፌዴራሉ ባልደረባ አዊኛ አለመቻሉ ጥፋቱ አይደለም። የአካባቢው ፖሊስ እዚያ መኖር የነበረበት ግን ለዚህ ነበር፤ ቤት ለማሳየት ሳይሆን ቃል ለማስረዳት።

በዓለም ላይ ይህ ችግር የደረሰበት እኛ ብቻ አይደለንም። በጀርመን ፖሊስ በዋናነት የክልሎቹ ነው። የፌዴራሉ ፖሊስ ክልሉ ጠይቆት ሲሄድ በዚያ ክልል አመራርና በዚያ ክልል ሕግ ሥር ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ቢበደል የሚከሰው አይጠፋበትም። ናይጄሪያ ደግሞ በተቃራኒው አንድ ብሔራዊ ፖሊስ ብቻ አላት። የ1999 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ሌላ ፖሊስ አይፈቅድም፤ አገረ ገዢዎቹ «የክልላችን ጸጥታ ኃላፊዎች ነን» እያሉ የሚያዙት ፖሊስ የላቸውም። እኛ በወረቀት የጀርመንን፣ በተግባር የናይጄሪያን ይዘን ነው ያለነው።

«ጦርነት ላይ እኮ ነን»

ይህን የሚሉን ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሐሰት ነው አንልም። በአማራ ክልል ከ2015 ጀምሮ የፋኖ ታጣቂዎችና መንግሥት ሲዋጉ ፖሊስ ሞቷል፤ የቀበሌና የወረዳ ሹም በታጣቂዎች ተገድሏል፤ ሰው በመንገድ ታግቶ ገንዘብ ተጠይቆበታል። በጠመንጃ የሚዘርፍና የሚያግት ሁሉ፣ ማንም ስም ይስጠው ማን፣ ይያዝ፤ ይከሰስ። በዚህ አንደራደርም።

ግን ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ጦርነት ምን እንደሆነ የማያውቁ የዋሃን አልነበሩም፤ ከጫካ የወጡ ነበሩ! ለዚህ ቀን ብለው አንቀጽ 93ን አስቀመጡ። አስቸኳይ ጊዜ ታወጃላችሁ፣ ምክር ቤት ያጸድቃል፣ መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል አሉ። ያ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ስም ይነበባል። አስቸኳይ ጊዜው ካበቃ በኋላ ግን እናት ስም ፍለጋ በሦስት በር ትንከራተታለች። ከአዋጁ በኋላ የመጣው እስር ከአዋጁ ዘመን እስር ያነሰ ሕግ ነበረው ማለት ነው። መደበኛው ሕግ ከአስቸኳዩ የከፋ ከሆነ ምኑን መደበኛ ሆነ?

ደግሞም ይህ ዓይነቱ እስር ለጸጥታውም አይበጅም። ወንጀልን የሚያጋልጠው ሕዝብ ነው። የበኩጂ ሕዝብ «እየመጡብን ነው» ብሎ ተናግሮ ነበር። ነገ አንድ የጃዊ ወይም የጓንጓ ገበሬ የታጠቀ ሰው ሲያልፍ ቢያይ ለማን ይናገራል? ልጁን ያለ ወረቀት ለወሰደበት? ወይስ ልጁ የት እንዳለ ለማይነግረው? ዝም ይላል እንጂ። ያን ጊዜ ድሩ ምንም ያህል ቢያብር የሚያየው ነገር አይኖርም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ነቅፋችሁ ብቻ አትለፉ እንዳትሉን፣ የምንፈልገውን እንዘርዝር። ሰማይ አውርዱልን አላልንም።

አንደኛ፣ የጋራ ዘመቻ ሁሉ የጽሑፍ ትእዛዝ ይኑረው። ክልሉ ጠይቋል ወይ? ማን ፈረመ? አዛዡ ማነው? እስከ መቼ ነው? ይህ ለዞኑና ለክልሉ ምክር ቤት ይቅረብ። ወታደራዊ ምስጢር አልጠየቅንም፤ የኃላፊ ስም ነው የጠየቅነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ለሚያዝ ሰው ሁሉ አንድ መዝገብ ይኑር። የያዘው መከላከያ ይሁን ፌዴራል ፖሊስ ይሁን የወረዳ ፖሊስ፣ ስሙ፣ የተያዘበት ሰዓት፣ ያዡና ያለበት ቦታ እዚያው ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ይጻፍ። እናት አንድ በር ታንኳኳ እንጂ ሦስት አታንኳኳ።

ሦስተኛ፣ 48 ሰዓት 48 ሰዓት ይሁን። ያልቀረበ ሰው ቢኖር ቤተሰብ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሲያቀርብ «የያዝኩት እኔ አይደለሁም» የሚል መልስ ተቀባይነት አይኑረው። በግቢው ውስጥ ያለ ሰው የግቢው ኃላፊ ዕዳ ነው።

አራተኛ፣ በአዊና በመተከል መካከል የሁለቱ ክልሎች ፖሊስና የፌዴራሉ ፖሊስ በቋሚነት የሚገናኙበት አሠራር ይኑር፤ ሰው ሲሞት ብቻ የሚጠራ ስብሰባ አይሁን። ከነዋሪው የመጣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይመዝገብ። ማን ሰማ? በስንት ሰዓት? ምን አደረገ? በኩጂ ይህ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የተኛውን ሰው እናውቀው ነበር።

አምስተኛ፣ የአካባቢው ፖሊስ እንቢ የማለት መብት ይኑረው። ያለ ትእዛዝ «ቤቱን አሳየኝ» ሲባል «ወረቀቱን አሳየኝ» ቢል በሕግ የሚጠበቅ እንጂ በግምገማ የሚጠረግ አይሁን።

እኛ አካባቢ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ ከ1932 ጀምሮ የቆየ ነው። ከየአቅጣጫው የመጣ ፈረሰኛ በአንድ ሜዳ ሲጋልብ ያየ ሰው ቅንጅት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። እያንዳንዱ ፈረስ ልጓም አለው፤ እያንዳንዱን ልጓም የያዘ እጅም ይታያል። አንዱ ፈረስ ሰው ቢረግጥ «የማን ፈረስ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሜዳው ሙሉ ሰው ዝም አይልም። ባለፈረሱ ይታወቃል። ከፌዴራሉም፣ ከክልሉም፣ ከዞኑም የምንፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

የእማማ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ተለቀቀ። ክስ የለም፣ ይቅርታ የለም፣ «ይህን ያህል ጊዜ እኛ ጋ ነበር» የሚል ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለም። ሥራ ቦታው «የት ከርመህ ነው?» ሲለው የሚያሳየው ነገር አጥቶ ቆሟል። እማማ ሰሞኑን ስናገኛቸው ስለ ቅንጅት የሚያወራ ዜና ራዲዮ ላይ እየተላለፈ ነበር። ድምፁን ቀንሰው እንዲህ አሉን፦ «ልጄን መልሰውልኛል፣ ተመስገን። ግን ያኔ የጠየቅኳችሁን አገኛችሁልኝ?»

አላገኘንም እማማ። መጠየቃችንን ግን አናቆምም።